«አንዴ ብቻ» ለሚሉ ለጋሶች የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው ቅዳሜ ምሽት፣ ከአንድ የወጣቶች ስብስብ ጥቂት ራቅ ብዬ ተቀምጬ ሳለ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው የምለው ልጅ የተዘረጋለትን የዕፅ ጥቅልል በእጁ ገፋ አድርጎ «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ሲል ሰማሁ። ሁለት ቃላት ናቸው። ነገሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት፤ እናንተም እኔም ከልምድ እንደምናውቀው ግን፣ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ፣ ከየትኛውም የወዳጆች ስብስብ የማይጠፉትን፣ እንቢ ያለን ሰው ሳያሳምኑ እንቅልፍ የማይወስዳቸውን ደጋግ ነፍሳት ለማመስገን ላውለው ወድጃለሁ።

በመጀመሪያ ልግስናቸው ይመስገን። የስልክ ቻርጀር ለአሥር ደቂቃ ለማዋስ ሰበብ የሚደረድረው፣ የፈተና ማስታወሻውን እንደ መንግሥት ምስጢር የሚጠብቀው፣ የተበደረውን ሲጠየቅ ጆሮው የሚደፈነው ሰው፣ ዕፅ የማካፈያው ሰዓት ሲደርስ ድንገት ቸር ይሆናል። ሳይለምኑት ይሰጣል፤ እንቢ ሲሉት ደግሞ እሱ ራሱ ይለምናል። ተቀባዩን እየለመነ የሚሰጥ ሌላ ለጋስ ካያችሁ ንገሩኝ። (ልግስናው በነፃ የሚዘልቀው ተቀባዩ ፈላጊ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳብ ይጀመራል። ይህን ግን በምስጋና መካከል ማንሳት ነውር ነው።)

ወደ ቅዳሜው ልጅ እንመለስ። «ይቅርብኝ» ባለ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ ሊቃውንት ያሉበት አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። ቃሉን የከፈተው የሕክምናው ሊቅ ሲሆን «ምነው፣ አሞሃል? መድኃኒት ጀምረሃል?» በማለት ጠየቀ። ልጁ ደህና መሆኑን ሲናገር ሊቁ ከልቡ ግራ ተጋባ፤ ጤነኛ ሰው ጤናውን የሚጠብቅበት ምክንያት በተማረበት የሕክምና ዘርፍ ውስጥ አልነበረምና። ተራው ወደ ነገረ መለኮቱ ሊቅ ሲያልፍ «ሃይማኖተኛ ሆነሃል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ ልጁ ከበፊቱ የተለየ እንዳልሆነ መለሰ። ከዚያ የነፍስ መርማሪው ጎሮሮውን ጠርጎ «ፈርተህ ነው» ሲል ብያኔውን ሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ ስምንት ጥንድ ዓይን ተተክሎበት ብቻውን «አልፈልግም» ያለው ልጅ ፈሪ ሲባል፣ እንዳይሳቅበት ሲል ሳይወድ የተቀበለው ጎረቤቱ ደፋር ተብሎ ትከሻው ተመታለት። የጀግና መዝገቡን እንዲህ አድርጎ ለመገልበጥ ልዩ ተሰጥኦ ያስፈልጋል።

ጉባኤው በዚህ አላበቃም። የዕፅዋቱ ሊቅ ተነሥቶ «ይህ እኮ ቅጠል ነው፤ ተፈጥሮ ነው» አለ፤ የእባብ መርዝም ተፈጥሮ መሆኑን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። የፍልስፍናው ሊቅ ተከትሎ «ሳትሞክረው እንዴት ልታውቀው ትችላለህ?» የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ አቀረበ። ይህ ሊቅ ከአራተኛ ፎቅ መውደቅ አጥንት እንደሚሰብር በምን እንዳወቀ ለመጠየቅ አፌ አሳክኮኝ ነበር። የምጣኔ ሀብቱ ሊቅ «በነፃ እኮ ነው» አለ። የጸጥታው ሊቅ ዓይኑን አጥብቦ «ለማን ልትናገር ነው?» ሲል ጠረጠረ። የጊዜ ሊቁ «አንዴ ብቻ» አለ፤ ያን «አንዴ» ግን ያለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም፣ እኔ ራሴ በቆጠርኩት ብቻ አራት ጊዜ ሲለው ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻም የጉባኤው ሰብሳቢ፣ እጁ ላይ ያለው ነገር ሲጤስ ሲጤስ ጣቱን ሊያቃጥለው እስኪደርስ፣ ስለ ነፃነት አንድ ረጅም ንግግር አደረገ፤ የንግግሩ ፍሬ ነገርም እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን የማድረግ መብት ስላለው ልጁ መውሰድ አለበት የሚል ነበር።

በዚያ ሁሉ ምርመራ ውስጥ፣ «አንተስ ለምን ትወስዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት የማይወስደው ብቻ ነው።

የስታቲስቲክሱን ሊቅ እንዳልረሳው። እሱ «ሁሉም ሰው ይወስዳል» አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ በ2021 ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜም እንኳ ቢሆን ዕፅ የወሰዱት 296 ሚሊዮን ሰዎች ይሆናሉ፤ ይህም ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት መካከል ከ17ቱ አንዱ ማለት ነው። ለሊቃችን እንግዲህ «ሁሉም ሰው» የሚባለው ያ አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት አሥራ ስድስቱ ከቁጥር የማይገቡ ባሕታውያን ናቸው። እኔ ደግሞ ይህ ስሌት ለምን በየትምህርት ቤቱ እንደማይሰጥ ይገርመኛል፤ አሥራ ሰባት ጥያቄ ተጠይቆ አንዱን ብቻ የመለሰ ተማሪ «ሁሉንም መልሻለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። እነዚህ ለጋሶች አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲወድቅ የት እንደሚገቡ አይቻለሁ። ሐኪሙም፣ ፈላስፋውም፣ የነፃነት ተናጋሪውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይበተናሉ፤ የሚቆይ ካለም ስልኩ ላይ ያሉትን መልእክቶች የሚያጠፋው ነው። የወደቀውን በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ አምቡላንስ የጠራው፣ ለሐኪሞቹም ምን እንደወሰደ በእውነት የተናገረው ያ «ፈሪ»፣ ያ «ሊያሳብቅ ነው» የተባለው ልጅ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ «ቀልድ ነው፣ ጨዋታ ነው» የሚለኝን ሰው የምሰማበት ትዕግሥት የለኝም። ሰው የሚሞትበትን ነገር በጓደኛ አፍ ላይ በግድ መለጠፍ ጨዋታ አይደለም፤ ክፋት ነው፣ ለዚያውም የሰነፍ ክፋት።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ታላላቆቻችንም ድርሻቸውን ሳያገኙ መቅረት የለባቸውምና። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት በየዓመቱ ጁን 26 የዕፅ አላግባብ መጠቀምን የመከላከያ ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን መድረክ ላይ ቆሞ ወጣቱ «እንቢ» እንዲል የሚያሳስበው አባት፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን «ቅዳሜም ቤት ነህ? ጓደኛ የለህም እንዴ? ሰው እንዲህ ሲገለል ጥሩ አይደለም» ይለዋል። ልጁ እንቢ ማለትን ከአባቱ ንግግር፣ እንቢ ማለት የሚያስከፍለውን ደግሞ ከአባቱ ተማረ። እንዲህ ያለ ሙሉ ትምህርት በአንድ ቀን የሚሰጥ ተቋም ማግኘት ቀላል አይደለም።

እነዚሁ አባቶችና እናቶች የሚወዱት ተረት አለ፤ «ካህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ የተነገረን ግን ግማሹ ነው። ከጊደር ጋር የዋለች አህያ ምን ተምራ እንደምትመጣ የጠየቀ የለም፤ መጥፎው ብቻ የሚጋባ፣ ደጉ ደግሞ በባለቤቱ ላይ ደርቆ የሚቀር ይመስል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ በመስመር ፈትኖት ነበር። አንድን ሰው፣ አስቀድመው ተመካክረው ሆን ብለው ስለ መስመር ርዝመት በሚሳሳቱ ሰዎች መካከል አስቀመጠው፤ ሰውዬው በዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ከስሕተቱ ጋር ተስማማ። ከዚያ ከተሳሳቱት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ተደረገ። ስሕተቱ ከቀድሞው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ያ አንድ ሰው አልሰበከም፣ አልተከራከረም፤ ያየውን ተናገረ፣ በቃ። ለጋሶቻችን አንድ እንቢ ባይ ሲያዩ እንዲያ የሚርበደበዱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጉባኤው የሚቋቋመው ለልጁ ተጨንቀው አይደለም፤ ከልጁ አጠገብ ስላሉት ተጨንቀው ነው።

ጭንቀታቸውም ከንቱ አልነበረም። ቅዳሜ ሰብሳቢው የነፃነት ንግግሩን ጨርሶ ጥቅልሉን ወደ ግራ ሲያሳልፍ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረ፣ ጫማውን ሲያይ የቆየ ቀጭን ልጅ «ለእኔም ይቅርብኝ» አለ። ሐኪሙ «አንተም አሞሃል?» ብሎ ምርመራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ተዘጋጀ። ከወዲያ በኩል የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ነገ በጠዋት የምትነሣበት ጉዳይ እንዳለባት ተናግራ ቦርሳዋን አነሣች፤ ነገ እሑድ ነበር። ሁለቱ ልጆች አብረዋት ለመሄድ ተነሡ፤ አንዱ የጓደኛውን ጃኬት ይዞ፣ አንዱ ስለ እግር ኳስ እያወራ። ሰብሳቢው የቀሩትን በዓይኑ ቆጠረ፤ ምልዓተ ጉባኤው ጎድሏል።