ባንዲራው ወርዶ ዘውዱ ሲቀር

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው የአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም፣ ከ32ቱ ፈራሚ አገሮች መካከል ናይጄሪያ፣ ሴራሊዮንና ኡጋንዳ ነበሩ። ሦስቱም ነጻ አገሮች ናቸው። ባንዲራ አውለብልበዋል፣ በተባበሩት መንግሥታት ወንበር አግኝተዋል። ርእሰ ብሔራቸው ግን ለንደን የሚኖሩት ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። ቅኝ ግዛትን ለማውገዝ የተሰበሰበው ጉባኤ ውስጥ የእንግሊዝ ዘውድ በሦስት ወንበር ተቀምጦ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ናይጄሪያና ኡጋንዳ በጥቅምት 1963 ዘውዱን ተዉ፤ ሴራሊዮን እስከ 1971 ቆየች። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀናቱም ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአፍሪካ ቀን በመጣ ቁጥር እዚህ አዲስ አበባ ነጻነት እንደ አንድ ሌሊት ሥራ ይወራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ባንዲራ ወረደ፣ ሌላው ወጣ፣ አለቀ። ሥራው ግን ሁለት ነው። አንደኛው ከገዢው አገር መንግሥት መላቀቅ፣ ሁለተኛው ከንጉሡ መላቀቅ። ጋና ነጻነቷን መጋቢት 6 ቀን 1957 ካወጀች በኋላ ሪፐብሊክ ለመሆን ሕዝበ ውሳኔና ሦስት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ወስዶባታል። ሞሪሸስ 24 ዓመት፣ ባርቤዶስ 55 ዓመት።

ሁለተኛው ሥራ የሚከብደው ታማኝነት መሐላ ስለሆነ ነው። መሐላ ዝም ተብሎ አይጣልም፤ ፈቺ ይፈልጋል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያሻም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከአልጋ ሲወርዱ መኳንንቱን ያስጨነቃቸው ለምኒልክ ቃል የገቡበት መሐላ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ሲፈቷቸው ነው ነገሩ የቆረጠው። በ1581 የኔዘርላንድ ግዛቶች ከስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስ ሲለያዩ ያወጡት ሰነድም ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ንጉሥ ለሕዝቡ እረኛ መሆኑን ትቶ ጨቋኝ ከሆነ አልጋውን ራሱ ለቅቋል፣ ሹማምንቱም ከመሐላቸው ተፈትተዋል።

የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በ1776 የጻፉት አዋጅ በዚህ ዓይን ሲነበብ መልኩ ይለወጣል። ግብር የጣለባቸው ፓርላማው ሆኖ ሳለ 27ቱ ክሶች ያነጣጠሩት በንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ላይ ነው። ምክንያቱ የጠበቃ ነው። ፓርላማው በእኛ ላይ ሥልጣን የለውም ሲሉ ስለከረሙ፣ ከእንግሊዝ ጋር ያስተሳሰራቸው ብቸኛ ገመድ ዘውዱ ነበር፤ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ቅደም ተከተሉም እንደ ክስ መዝገብ ነው። በሐምሌ 1775 ለንጉሡ አቤቱታ ላኩ። ንጉሡ በነሐሴ አመፀኞች ብለው አወጁባቸው። ሰኔ 7 ቀን 1776 የመለያየት ሐሳብ ለጉባኤው ቀረበ፣ ሐምሌ 2 በድምፅ ጸደቀ፣ የአዋጁ ቃል ሐምሌ 4። አብዛኞቹ የፈረሙት ግን ነሐሴ 2 ነው። ኒው ዮርክ ሐምሌ 2 ድምፅ አልሰጠችም፤ ልዑካኗ ከቤታቸው ውክልና አልመጣላቸውም ነበር። የአዋጁ አንባቢም እንግሊዝ ብቻ አልነበረችም፤ ፈረንሳይ ከሌላ ንጉሥ አመፀኛ ተገዢ ጋር ውል አትገባም፣ ከአገር ጋር ግን ትገባለች። በየካቲት 1778 ገባች።

ቅርጹን ብቻ መቅዳት ምን እንደሚያስከትል ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) አሳይታለች። የኢያን ስሚዝ የነጮች መንግሥት ኅዳር 11 ቀን 1965 ነጻነቱን ሲያውጅ የ1776ቱን አነጋገር ገለበጠ፣ መጨረሻው ላይ ግን እግዚአብሔር ንግሥቲቱን ይጠብቅ ብሎ ፈረመ። የንግሥቲቱ ገዥ ሚኒስትሮቹን ሽሬአለሁ አሉ፤ አልተሰሙም፣ ግን ከመኖሪያቸው አልወጡም። እውቅና የሰጠ አገር አልተገኘም። በመጋቢት 1968 ንግሥቲቱ ሞት ለተፈረደባቸው ሦስት አፍሪካውያን ምሕረት አደረጉ፤ ስሚዝ ምሕረቱ አይመለከተንም ብሎ ሰቀላቸው። በንግሥቲቱ ስም እየማሉ የንግሥቲቱን ቃል መጣል! ዘውዱን በይፋ የተዉት በ1970 ነው።

በሰላም ሲሆን ሥራው የሕግ አርቃቂ ነው። ንጉሡ በየሕጉ ውስጥ ተበትኗል፤ የወንጀል ክስ በስሙ ይከፈታል፣ መሬቱ የዘውድ መሬት ነው፣ ዳኛና ፖሊስ ለእሱ ይምላል፣ ፓርላማ የሚበትነው የእሱ እንደራሴ ነው። (እንደ ራሴ የሚለው ቃላችን ለዚህ ሹመት የተሠራ ይመስላል።) እያንዳንዱን ሕግ መንካት ስለማይቻል ባርቤዶስ ዘውድ የሚለው ሁሉ መንግሥት ተብሎ ይነበብ የሚል አንድ አንቀጽ አስገባች፣ መሐላውን ቀየረች፣ እንደራሴዋን ሳንድራ ሜሰንን ጥቅምት 20 ቀን 2021 በፓርላማ ፕሬዚዳንት አድርጋ መረጠች። ኅዳር 30 ሥልጣኑ ከአንድ ሰው ወደዚያው ሰው ተላለፈ። ሕገ መንግሥቷ የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንጂ ሕዝበ ውሳኔ አይጠይቅም።

ሕዝበ ውሳኔ የሚጠይቁት ጋ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው በንጉሡ ቦታ ማን ይተካ የሚለው ነው። አውስትራሊያ በ1999 በ54.87 በመቶ እምቢ ስትል ዘውዱን ወዳ ብቻ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱን ፓርላማው ይምረጥ የሚለውን ያልወደዱ የሪፐብሊክ ደጋፊዎችም እምቢ አሉ። የካሪቢያኗ ሴንት ቪንሰንት በ2009 ዘውዱን ከሌላ ብዙ ማሻሻያ ጋር በአንድ ጥያቄ ጠቅልላ አቅርባ፣ ሁለት ሦስተኛ ቀርቶ ግማሽም አላገኘችም። እዚህም ቢሆን ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ አልጋ ወራሹ ከውጭ ሲመለሱ ይነግሣሉ ብሎ ነበር፤ ዘውዱ ራሱ የቀረው መጋቢት ላይ ነው።

ቀጥሎ ተራው የጃማይካ ሆነ። ሪፐብሊክ የሚያደርጋት ረቂቅ በታኅሣሥ 2024 ፓርላማ ገባ። ሕገ መንግሥቷ ረቂቁ ከቀረበ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ክርክር አይጀመር ይላል፤ ክርክሩ ካለቀ በኋላም ሌላ ሦስት ወር፣ ከዚያ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ። ከስምንት ወር በታች አይሆንም፤ ምርጫ በመሐል ከገባ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። መንግሥት የመጨረሻው ይግባኝ በለንደኑ ችሎት በፕራይቪ ካውንስል ይቆይና በኋላ እናየዋለን አለ፤ ተቃዋሚው ደግሞ ዘውዱና የለንደኑ ይግባኝ አብረው ካልሄዱ ድምፄን አልሰጥም አለ። ሞሪሸስ ሪፐብሊክ ከሆነች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ይግባኟ አሁንም ለንደን ነው የሚሄደው።