ሲኦልን ለሌላ ሰው ብቻ ያደረጋችሁ ወገኖቼ

ወገኖቼ እስቲ ዛሬ እንወቃቀስ። ሰው ሲሞት ገና ድንኳን ሳይተከል ኮመንቱ «ነፍሱን አይማረው» በሚል ይሞላል፣ አንዱ «ሲኦል ሞቅ አድርጋ ትቀበለው» ይላል፣ ሌላው የሚስቅ ኢሞጂ ይደረድራል፣ ሦስተኛው ደሞ የሟቹን ዘር ጠርቶ «ገና ሁላችሁም ትከተሉታላችሁ» ይላል። ይሄን የሚጽፈው ፈጣሪን የማያውቅ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር፣ ፕሮፋይሉን ስትከፍቱት ግን ወይ የቅዱስ ሚካኤል ስዕል ነው ወይ የቁርአን ጥቅስ ነው። ማነው የሲኦልን ቁልፍ ለናንተ ያስረከባችሁ?

ሲኦልን እንዲህ ከወደዳችሁት አሳምሮ የጻፋትን ሰውዬ አንብቡት። ዳንቴ አሊጊየሪ ይባላል፣ የፍሎረንስ ሰው ነው፣ የዛሬ 700 ዓመት ገደማ የጻፈው «መለኮታዊ ኮሜዲ» የሚባል ግጥም በ3 መጽሐፍ 100 ካንቶ (ምዕራፍ በሉት) አለው፣ ዳንቴ ራሱ በሕይወት እያለ በጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ በቨርጂል እየተመራ ሲኦልን ሲጎበኝ ይተርካል፣ የመጀመሪያው 34 ካንቶ ስለ ሲኦል ነው፣ ወደታች እየጠበበ የሚሄድ 9 ዙር ጉድጓድ፣ መጨረሻው ላይ ደሞ እሳት አይደለም በረዶ ነው፣ ከዳተኞች እዛ ውስጥ ደርቀው ቀርተዋል። ሰውዬው ቂም ለመያዝ ከማናችንም የበለጠ ምክንያት ነበረው። በ1300 (በፈረንጆቹ ነው) ከተማዋን ከሚመሩት 6 ሹማምንት አንዱ ነበረ፣ ፓርቲው ነጭና ጥቁር ተባብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ጥቁሮቹ ሲያሸንፉ በ1302 በሌለበት በሙስና ፈረዱበት፣ ትንሽ ቆይተው ደሞ ከተያዘ በእሳት ይቃጠል ብለው ጨመሩበት፣ በ1321 ራቬና ላይ እስኪሞት ድረስ አገሩ አልገባም። ከኛ የዲያስፖራ አክቲቪስቶች የሚለየው ዩቲዩብ ቻናል ስላልነበረው ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ታዲያ ያ ሁሉ የደረሰበት ሰው ሲኦሉን በማን ሞላው? ጠላቶቹ አሉበት፣ አልዋሽም፣ የሮማውን ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛን እኮ ገና በሕይወት እያሉ ቦታ አስይዞላቸዋል። ግን ዝም ብላችሁ ወደታች ውረዱ። የሚነድ አሸዋ ላይ እሳት እየዘነበበት የሚሄድ፣ ፊቱ ተለብልቦ ለመለየት የሚያስቸግር ሽማግሌ የዳንቴን ቀሚስ ጫፍ ያዝ ያደርገዋል፣ ሲያየው መምህሬ የሚለው ብሩኔቶ ላቲኒ ነው። ዳንቴ ምን አደረገ? «እርስዎ እዚህ ነዎት?» አለው፣ በአንቱታ፣ ወደ እሳቱ መውረድ ስለማይችል ከላይ ካለው ግንብ ላይ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ አብሮት ሄደ። ሌቦቹ ጋ ሲደርስ ደሞ 5 የከተማው ልጆች አገኘና አፍሮ «ደስ ይበልሽ ፍሎረንስ፣ ስምሽ በባህርም በየብስም አልፎ ሲኦል ድረስ ናኝቷል» አላት። አያችሁ፣ የገዛ አገሩን ነው! ለራሱም አልቀረለትም፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ፣ ነፍሳት ከኃጢአት በሚነጹበት ተራራ፣ ትዕቢተኞች ድንጋይ ተሸክመው ጎብጠው የሚሄዱበት ቦታ አለ፣ ዳንቴ «ከሁሉ የምፈራው ይሄንን ነው፣ ሸክሙ ካሁኑ ይከብደኛል» ይላል። ከናንተ መሀል «ሲኦል ይግባ» ብሎ ጽፎ ከስር «እኔም ለዚህኛው ቅጣት እፈራለሁ» ያለ አንድ ሰው አሳዩኝና ይሄን ጽሁፍ አጠፋዋለሁ።

አሁን ዋናው ጋ ልምጣ፣ 10ኛው ካንቶ። መናፍቃኑ በሚነዱ መቃብሮች ውስጥ ናቸው፣ ክዳኑ ክፍት ነው። ፋሪናታ የሚባል የተቃራኒው ወገን የጦር መሪ ከወገቡ በላይ ብድግ ብሎ ሲኦልን ራሷን የናቀ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ከሱ አገር የመጣ በሕይወት ያለ ሰው ፊቱ ቆሟል፣ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ውሃ አይደለም፣ ጸሎት አይደለም፣ «የማን ዘር ነህ?» ነው። እሳት ውስጥ ሆኖ እኮ ነው! ዳንቴ ዘሩን ሲነግረው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «አባቶችህ ጠላቶቼ ነበሩ፣ ሁለቴ በትኛቸዋለሁ» ይለዋል፣ ዳንቴም አይቀርለትም «ሁለቴም ተመልሰዋል፣ የናንተዎቹ ግን መመለሱን አልቻሉበትም» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ መሀል ከዛው መቃብር ሌላ ሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ እያለቀሰ «ልጄስ የታል?» ይላል፣ የዳንቴ ጓደኛ የጊዶ አባት ነው፣ ዳንቴ መልሱን ሲያዘገይ ልጄ ሞቷል ማለት ነው ብሎ ወደ ኋላው ወደቀ። ፋሪናታ ግን አንገቱን እንኳ አላዞረም፣ ያውም የወደቀው ሰውዬ በጋብቻ ዘመዱ ነው፣ የፋሪናታን ልጅ ያገባው ጊዶ ነው። ካቆመበት ቀጠለና «ወገኖቼ መመለስ ካልቻሉ ይሄ ከተኛሁበት እሳት የበለጠ ያቃጥለኛል» አለ።

ይሄን አንብባችሁ ማንን አስታወሳችሁ? እኔ የኛን ላይቭ ነው ያስታወሰኝ፣ አንዷ እናት ልጄ ጠፋብኝ ብላ ኮመንት ስትጽፍ ዘር የሚቆጥሩት ሰዎች አንብበው የሚያልፏት። ዳንቴ ግን ፋሪናታን እሳት ውስጥ ቢያስቀምጠውም ውለታውን አልሸሸገበትም። በ1260 ሞንታፔርቲ ላይ የፋሪናታ ወገን ካሸነፈ በኋላ ፍሎረንስን እናፍርሳት ሲባል ሁሉም ሲስማማ ብቻውን ቆሞ የተከራከረላት እሱ ነበር፣ ዳንቴ ይቺን በራሱ በፋሪናታ አፍ አስነግሮለታል። እኛ ለተቃራኒ ወገን እንዲህ አይነት አንድ መስመር ስንጽፍ አስቡት፣ ወዲያው ስክሪንሹት ተነስቶ ባንዳ ነው የምንባለው።

ሕዝብ የሚያጣሉት ደሞ ሌላ ቦታ አላቸው፣ ዙሪያውን እየዞሩ በሄዱ ቁጥር ሰይጣን በሰይፍ ይሰነጥቃቸዋል፣ ዞረው እስኪመጡ ቁስሉ ይድናል፣ ከዛ እንደገና። እዛ ሁለት እጁ የተቆረጠ ሞስካ የሚባል ፍሎረንሳዊ አለ። ጥፋቱ አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ አንድን ሰው እንግደለው አንግደለው ሲባል «አንዴ ካደረጉት አለቀ» አለ፣ ከዛ ግድያ ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ለብዙ ዓመት ስትተላለቅ ኖረች። አንድ ኮመንት የምታህል ነገር ናት እኮ። እናንተ በቀን ስንት ትጽፋላችሁ?

«እሱም እኮ ጠላቱ ጭቃ ውስጥ ሲደፈቅ አይቶ ደስ ብሎታል» የሚል አንባቢ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ፊሊፖ አርጀንቲን ሲዘነጣጥሉት አይቶ እግዜርን አመስግኗል፣ ግን የት ቦታ እንደሆነ ልብ በሉ፣ የቁጡዎቹ ረግረግ ላይ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ደሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። 30ኛው ካንቶ ላይ ሀሰተኛ የወርቅ ሳንቲም ይሠራ የነበረ ሆዱ በውሃ የተነፋ ሰውዬና በውሸቱ ትሮይን ያስፈጀው ሲኖን ይጣላሉ፣ አንዱ ሆዱን ሲመታው እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ ሌላው ፊቱን ያጮለዋል፣ ከዛ አንተ የውሸት ሳንቲም፣ አንተ የውሸት ቃል እየተባባሉ መሰዳደብ። ዳንቴ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። መሪው ቨርጂል «ትንሽ ብትቆይ እኔና አንተም ልንጣላ ነው» ይለዋል፣ ይሄን መስማት መፈለግ ራሱ ወራዳ ፍላጎት ነው አለው፣ ዳንቴ በእፍረት መናገር አቃተው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ተሳድቦ አይደለም፣ ቆሞ ስላዳመጠ ብቻ ነው። እኛ ለሰዳቢዎቹ ጊፍት እንልካለን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳንቴ እኛንም ጠርቶናል። ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ገነት ላይ፣ 19ኛው ካንቶ «እንዲህ ባሉ ክርስቲያኖች ላይ ኢትዮጵያዊው ይፈርድባቸዋል» ይላል። ይቺን ቆርጣችሁ ባንዲራ ለጥፋችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከላይዋ ያለውን አንብቡ፣ «ክርስቶስ ክርስቶስ» እያሉ የሚጮሁ ብዙዎች በፍርድ ቀን ክርስቶስን ካላወቀው ሰው ይልቅ ከሱ ይርቃሉ ነው የሚለው፣ ኢትዮጵያዊውን ያመጣው ላላወቀው ሰው ምሳሌ አድርጎ ነው። አክሱም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያመነች መሆኗ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አሁን ኮመንት ላይ ስንታይ ግን የትኛው ወገን ውስጥ እንደምንገባ እናንተው ፍረዱ።

ደሞ እኮ ይሄን ለመማር ፍሎረንስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ የኛው አባቶች ናቸው የጠበቁት። ሄኖክ የወደቁትን መላእክት ቅጣታቸውን እንዲነግራቸው ተላከ፣ ፈርተው ተንቀጥቅጠው አቤቱታ ጻፍልን አሉት፣ ቁጭ ብሎ ጻፈላቸው፣ በያንዳንዳቸው ስም፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስም ውሃ ዳር ሆኖ አነበበላቸው። ተቀባይነት አላገኘም። ቦታዋን ፈልጋችሁ አንብቧት፣ አጭር ናት፣ ከአንድ ላይቭ በጣም ታንሳለች።