የሮደስ ዘር እንዳይቀበር

ስለ መኖ ያነበብኩት ጽሑፍ ሣርና የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅሎ መዝራት ይሻላል ይላል፤ ሐሳቡ ልክ ነው። አዘራሩን ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚያ ላይ ነው።

ለመኖ የሚዘራውን የሮደስ ሣር ዘር መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እዩት። እፍ ሲሉት ብን የሚል፣ ፀጉራም ነገር ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አፈር ከተጫነው ብዙው ሳይወጣ ይቀራል። መሬቱን አለስልሶ፣ ላይ ላዩን በትኖ፣ በእግር ጠቅጠቅ ማድረግ ይበቃዋል። ላብላብ የተባለው የመኖ ጥራጥሬ ግን ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይገባል። ሁለቱን ደባልቆ እኩል መቅበር ዘር ማባከን ነው።

ጥራጥሬው ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። እኔ ተክሉ ጠንከር ሲል አንዱን በጥንቃቄ ቆፍሬ አወጣና የሥሩን እባጭ በጥፍሬ እሰነጥቀዋለሁ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ደስ ይለኛል። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ሣሩ ይመዘዝና ጥራጥሬውን ያፍነዋል።

ሉኪንያ የተባለው የመኖ ዛፍ ለፈረስ እንደማይሆንም ጽሑፉ ላይ ይጨመርበት፣ እባካችሁ። ሚሞሲን የሚባል መርዝ ስላለው ጋማና ጭራቸውን ያረግፈዋል።