ለሁለት ብዪ

የነፍሰ ጡርን ሳህን እንደመሙላት የሚያስደስተን ሥራ የለም። «በቃኝ» ስትል «ለሁለት እኮ ነው የምትበዪው!» ይባልና ጭልፋው ይደገማል። ሁለተኛው ተመጋቢ በ12ኛው ሳምንት ክብደቱ 14 ግራም ገደማ ነው፤ የሚቀዳለት ግን የአራሽ ገበሬ ድርሻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ እምብዛም አያስፈልግም። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት በቀን 340፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ 450 ካሎሪ ያህል ቢጨመር ይበቃል። ይህ መክሰስ ነው እንጂ ሁለተኛ ምሳ አይደለም።

ሆድ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ መዘዙ ቃር ነው። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የጨጓራን የላይኛውን መዝጊያ ያላላዋል፤ ማህፀን ከታች ይገፋል፤ በልታ ወዲያው ጋደም ስትል አሲዱ ሽቅብ ይወጣል። መላው ጥቂት ጥቂት እየከፋፈሉ መብላት፣ ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየት፣ ሲተኙም ከወገብ በላይ ከፍ ማለት ነው። ጭልፋ ያዡ ግን «ልጁ ጸጉራም ስለሆነ ነው» ይላል። ገና ባልተወለደ ሰው ማሳበብ እንዴት ይመቻል!

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ቤት ይመታል፣ ያስፈራራል፣ መካሪውንም ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል። መካሪውን ማን እንደሚመክረው ግን አይናገርም። ነፍሰ ጡርን ለመምከር እኮ አፍ ካለ ሌላ ምንም አይጠየቅም።

ሆድ አይቶ ፆታ መተንበይማ የተከበረ ሙያ ሆኗል። ሾል ካለ ወንድ፣ ግራና ቀኝ ከሰፋ ሴት፣ ፊቷ ማዲያት ካወጣ ያለጥርጥር ሴት። የሆድን ቅርጽ የሚወስኑት የሆድ ጡንቻ ጥንካሬ፣ የእናት ቁመት፣ ስንተኛ እርግዝና መሆኑና የልጁ አቀማመጥ ናቸው። ማዲያቱም የሆርሞንና የፀሐይ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው ኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የአባት ዘር ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1905 በጥንዚዛ ላይ ባደረገችው ምርምር ዋይ የወንድ ፆታ ወሳኝ መሆኑን አሳይታለች። ከዚያ ወዲህም «ሴት ብቻ ትወልዳለች» ተብላ የተፈታችው ሚስት ስንት ናት? ይቅርታ የጠየቃትስ?

ይህ ሁሉ ሊቅ ግን ቁም ነገር ሲመጣ ድምፁ ይጠፋል። ማታ ማታ እግር ማበጥ የተለመደ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲል፣ ዓይን ብልጭ ብልጭ ሲልባት፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ሲያማት «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ይላታል። አያልፍም! የደም ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሽንቷም ፕሮቲን ተገኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመች ወደሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያደርሳት ይችላል። ያኔ የሚያስፈልጋት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰው ነው።

ጨዋታው ከምግብ ወዴት ሄደ? ለማንኛውም፣ ማብላት ካልቀረ የአይረን እንክብሏን በውሃ አቀብሏት። ሻይና ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ዓይነ ምድሯ ቢጠቁር ደግሞ እንክብሉ ነው፤ ጉባኤ አይጠራበትም።