ዌበር ስለተገጠመበት ብቻ ዋጋ አትጨምሩ

ኤም ጂ ቢ ስለተባለው የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ዌበር ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) የተገጠመለትን በደፈናው «የተሻሻለ» ማለቱ ገዢን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1962 መኪናው ሲወጣ 1798 ሲሲ ሞተሩ ላይ የነበሩት ሁለት ኤስ ዩ ካርቡሬተሮች በደንብ ከተስተካከሉ ለመንገድ በቂ ናቸው። የዌበር 45 ዲ ሲ ኦ ኢ ጥቅም በደንብ የሚታየው ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አብረው ከተሠሩ ነው።

ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ የቀዝቃዛ አነሳሱን እዩ። ከዚያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ ማርሚታው ሳይግል፣ የካርቡሬተር ማጽጃ በትሮትል ዘንጉ (የአየር መግቢያውን ክዳን በሚያዞረው) ጫፎችና በማኒፎልዱ (ካርቡሬተሩን ከሞተሩ በሚያገናኘው ቱቦ) ጓርኒሲዮን ላይ በጣም በትንሹ ንፉ። የጭስ ማውጫው ከካርቡሬተሩ ሥር ስለሆነ እሳት ማጥፊያ በእጃችሁ ይኑር። የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ከውጭ አየር እየሳበ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ዘንጉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተላወሰ ተበልቷል። ይህን ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) መቀየር አያስተካክለውም።

በሦስተኛ ማርሽ ከ2000 እስከ 3000 ዙር ባለው ነዳጅ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ካመነታ ወይም በካርቡሬተሩ በኩል «ፓፍ» ካለ፣ ከሚኒሞ ጄት ወደ ዋናው ሲሸጋገር ቤንዚን እያነሰው ነው። ቤንዚን ከሸተተና ካርቡሬተሩ ከረጠበ ደግሞ የፓምፑን ግፊት አስለኩ፤ ከ3.5 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አይችለውም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዲስትሪቢተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ያለችውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ነው። ዌበር ሲገባ ብዙ ጊዜ ተነቅላ ትቀራለች፣ የእሳቱ ጊዜ እንደ ጭነቱ ስለማይስተካከልም የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል።

የድሮዎቹ ኤስ ዩዎች ከነማኒፎልዳቸው መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ከሌሉ ከዋጋው ቀንሱ።