ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አይሰካም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «ማንኛውም የዩኤስቢ ገመድ ሃርድ ዲስክ ያስነሳል» ይላል። ለላፕቶፑ ዲስክ፣ ለ2.5 ኢንቹ፣ እሺ ይሁን፤ በ5 ቮልት ይሠራል። የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች ግን 12 ቮልትም ይፈልጋል። ያንን ተራው ዩኤስቢ አይሰጠውም፤ የራሱ የኃይል አዳፕተር የግድ ነው። 12 ቮልት 2 አምፒር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሰዉ ቀዳዳው ከገባለት ያገኘውን ቻርጀር ይሰካል። ኧረ ተዉ! የብዙ ላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ነው፣ ዲስኩን ድራሹን ያጠፋዋል። ጀርባው ላይ «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለም፤ ቮልቱ ግን ዲስኩ ከሚፈልገው ጋር እኩል ይሁን።

ትንሹ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሳ ቶሎ ሞተ አትበሉ። ኃይል አንሶት ይሆናል። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው፣ 3.0 ግን 900።

መብራት እንደኛ ሰፈር ብልጭ ድርግም ለሚልበት ደግሞ 2.5ቱ ይሻላል። ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚጠቀም ኮፒው መሃል ላይ አይቋረጥም።