እርማት፦ የወሊድ መከላከያ መርፌው መካን አያደርግም

እህቴ፣ «ያልወለደች ሴት የወሊድ መከላከያ ከወሰደች መካን ትሆናለች» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቡና በተፈላ ቁጥር የምሰማው ወሬ ነው። ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የ3 ወሩን መርፌ ያቆመች ሴት ቶሎ ላታረግዝ ትችላለች፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ 10 ወር አካባቢ፣ አንዳንዷ ላይ ከዓመትም በላይ ይወስዳል፣ በዚህ መሀል አማት «ምነው ዝም አላችሁ?» ማለት ስትጀምር ጥፋቱ ሁሉ መርፌው ላይ ይለጠፋል። መዘግየት ግን መካንነት አይደለም።

ሌሎቹ መከላከያዎች ላይ ይሄ መዘግየትም የለም። ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል፣ ከወጣ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ማርገዝ ይቻላል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም እንደዚያው። የመዳቡ ሉፕ እንዲያውም ሆርሞን የሚባል ነገር የለውም፣ 10 ዓመት ያገለግላል። እንክብሉ ጥሩ ነው፣ ችግሩ በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ እኔ ደግሞ የቤቴን ቁልፍ እንኳን የምረሳ ሰው ነኝ።

በዓመት ውስጥ መውለድ ካሰብሽ መርፌው አይመችሽም፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይህንኑ ንገሪያቸው። ከኤችአይቪ የሚከላከለው ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም፣ ለሱ ኮንዶም ነው።